ቤት ከመንገድ ሳይቀድም፦ የ30 ዓመት የከተማ ዕድገት ፕላን እንዴት ይወጣል?

በብዙ ከተሞች ቤቱ ይቀድማል፣ መንገዱ ይከተላል። ሰው መሬት ያገኛል፣ ይሠራል፣ ይገባል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ውሃ፣ መንገድና ትምህርት ቤት ይጠይቃል። መጠየቁም መብቱ ነው። አስተዳደሩ ያኔ ቦታ ፍለጋ ይወጣል። ቦታው ግን ተይዟል። ስለዚህ ያፈርሳል፣ ካሳ ይከፍላል፣ ፍርድ ቤት ይመላለሳል። ሜዳ ሳለ በቀላሉ ይከበር የነበረ የመንገድ መስመር የዓመታት ጣጣ ይሆናል።

ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ ይቻላል። ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው ቀድሞ መወሰንን ነው። የክልል መንግሥታትና የከተማ አስተዳደሮች ይህን እንዴት እንደሚያደርጉት ደረጃ በደረጃ እንየው። ጽሑፉ ለፕላን ባለሙያና ለምክር ቤት አባል ይሆናል። ፕላን ለውይይት ሲቀርብ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ ለሚፈልግ ነዋሪም ይጠቅማል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ። የረጅም ጊዜ ፕላን ማለት በ30 ዓመት ውስጥ የት ላይ ምን እንደሚሠራ መተንበይ አይደለም። ያንን ማንም አይችልም። ሥራው በኋላ ለማስተካከል የሚከብደውን ነገር ለይቶ ዛሬ መወሰን ነው። ሱቁ መኖሪያ ይሆናል፣ ፋብሪካው ይዘጋል፣ ባለ አንድ ፎቁ አምስት ፎቅ ይሆናል። የመንገድ መስመር፣ የውሃ መውረጃና የሕዝብ ቦታ ግን አንዴ ከተያዙ መመለሻቸው ሩቅ ነው። ጉልበታችሁን እነሱ ላይ አውሉት።

ደረጃ 1፦ ማን ምን እንደሚወስን ተስማሙ

የከተማ ኑሮ በአስተዳደር ወሰን አይቆምም። የመጠጥ ውሃው ከአንዱ አስተዳደር ይመጣል፣ ሠራተኛው ከሌላው፣ ቆሻሻው ወደ ሦስተኛው ይሄዳል። ስለዚህ ካርታ ከመዘርጋቱ በፊት የሥልጣን ክፍፍሉ ይለይ።

ወደ ክልል የሚሄደው ከአንድ ከተማ አቅም በላይ የሆነው ነው። የትኛው ከተማ ምን ያህል ይደግ? የውሃ መገኛውን ማን ይጠብቀው? ከተሞችን የሚያገናኘው መንገድና ባቡር በየት ይለፍ? የትኛው የእርሻ መሬትና ደን አይነካ? የከተማ አስተዳደሩ ድርሻ ደግሞ የውስጥ መንገዱ፣ የመሬት አጠቃቀሙ፣ ሽንሻኖውና የግንባታ ፈቃዱ ነው።

ኮፐንሃገን እዚህ ላይ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1947 የወጣው ዕቅዷ «የጣት ፕላን» ይባላል። ከተማዋ በባቡር መስመሮች ዙሪያ አምስት ጣት ሆና ወደ ውጭ እንድትዘረጋ ፈቀደ። በጣቶቹ መካከል ያለው መሬት አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ አደረገ። ሐሳቡ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶችን ያካለለ ነበር። አንዱ ጣቱን ቢያከብር ጎረቤቱ ደግሞ በመካከሉ ቢገነባ ኖሮ ከንቱ ይቀር ነበር።

የፕላኑን ዕድሜ ደግሞ በሁለት ከፍላችሁ ያዙት። ሲንጋፖር እንዲህ ታደርጋለች። አንዱ ፕላን ከ40 እስከ 50 ዓመት ወደፊት ያያል፣ በየ10 ዓመቱ ገደማ ይከለሳል። ሁለተኛው በሕግ የጸናው ማስተር ፕላን ነው። ከ10 እስከ 15 ዓመት ያያል፣ በየ5 ዓመቱ ይከለሳል። የመጀመሪያው አቅጣጫ ያሳያል። በሁለተኛው ፈቃድ ይሰጣል።

አጎራባች አስተዳደሮች ሁሉ በአንድ የሕዝብ ትንበያ ይሥሩ። እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ቁጥር ሲያወጣ ድምሩ ከክልሉ ሕዝብ በልጦ ይገኛል። ከዚያ በኋላ የሚቀርበው የበጀት ጥያቄ ሁሉ የተጋነነ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ያለውን ለኩ

ለዚህ ውድ ጥናት መጠበቅ አያስፈልግም። የላንድሳት ሳተላይቶች ከ1972 ጀምሮ ምድርን አንስተዋል። ምስሉም ከ2008 ወዲህ በነፃ ይገኛል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል አለ። እስከ 10 ሜትር ድረስ ለይቶ ያሳያል። ኪውጂአይኤስ የሚባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ከተጨመረበት አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ብዙ ይሠራል።

የከተማውን የተገነባ ስፋት በሦስት የተለያዩ ጊዜያት ለኩ። ለምሳሌ ከ20 ዓመት በፊት፣ ከ10 ዓመት በፊትና ዛሬ። ከየጊዜው የሕዝብ ብዛት ጋር አነጻጽሩት። መሬቱ ከሕዝቡ ፈጥኖ እየሰፋ ከሆነ ከተማው እየሳሳ ነው ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦችም ይህንኑ ንጽጽር 11.3.1 በሚባለው አመልካች ይለኩታል።

ሌላው የሚያስፈልገው የይዞታ መረጃ ነው። ማን የቱን መሬት ይዟል፣ በምን ማስረጃ? ይህ ሳይጣራ የሚሠመር መስመር ክርክር ይጠራል። ካርታው ሲያልቅ ደግሞ በእግር ሂዱበት። ጎርፍ በየት እንደሚወርድና የመሬት ደላላው ዛሬ የትኛውን ማሳ እየቆራረሰ እንደሚሸጥ በመጀመሪያ የሚያውቀው እዚያ የሚኖረው ሰው ነው።

ደረጃ 3፦ ሂሳቡን በግልጽ አስሉት

አንድ ከተማ እናስብ። 200,000 ሰው በ20 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ ይኖራል። በሄክታር 100 ሰው ማለት ነው። በዓመት 4 በመቶ ቢያድግ በ18 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በ30 ዓመት ደግሞ ወደ 650,000 ይጠጋል። ዕድገቱ 3 በመቶ ከሆነ 485,000፣ 5 በመቶ ከሆነ 865,000 ገደማ ይደርሳል። የአንድ በመቶ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያራርቅ ልብ በሉ።

አሁን መሬቱን እናስላ። መካከለኛውን፣ ማለትም 650,000ውን እንውሰድ። የአሰፋፈሩ ጥግግት በሄክታር 100 ሆኖ ከቀጠለ 65 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። ወደ 75 ቢወርድ 87 ይሆናል። ወደ 150 ቢያድግ 43 ይበቃል። በ75 እና በ150 መካከል ያለው ልዩነት ዛሬ ካለው ከተማ እጥፍ ይበልጣል! ያ ሁሉ መሬት የሰው እርሻ ነው። ያ ሁሉ ስፋት ቧንቧ፣ ገመድና አስፋልት ይፈልጋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም፣ ዩኤን ሃቢታት፣ በምክሩ በስኩዌር ኪሎ ሜትር ቢያንስ 15,000 ሰው የሚለው ይህንኑ በሄክታር 150 ሰው ነው።

ብዙ አስተዳደሮች እዚህ ጋ ሲደርሱ «ከሦስቱ ቁጥሮች በየትኛው እንሂድ?» ብለው ይጨቃጨቃሉ። እኔ አንዱን ብቻ መምረጥ ትክክል አይመስለኝም። የመንገድ መስመርና የሕዝብ ቦታ ስታስከብሩ ከፍተኛውን ቁጥር ያዙ። መስመር ማስከበር ርካሽ ነውና። ከተማው ያን ያህል ባያድግ መሬቱ እየታረሰ ይቆያል። ቧንቧ ስትቀብሩና አስፋልት ስታነጥፉ ግን በዝቅተኛው ወይም በመካከለኛው ሂዱ። ባዶ ሜዳ ላይ የተቀበረ ቧንቧ ሳይሠራ የሚያረጅ የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ የማይገነባበትን አስምሩ

የወንዝ ዳርቻ፣ ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ፣ ረግረጋማ መሬት፣ ቀጥ ያለ ተዳፋት፣ የመሬት መንሸራተት ያለበት ቦታና የመጠጥ ውሃ መገኛ ከግንባታ ውጪ ይሁኑ። ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ጎርፍ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ አጥቶ ወንዝ ዳር የሠራውን ሰው ነው። ሰውየውን ከመክሰስ በፊት ለሱ የሚሆን ቦታ በፕላኑ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ።

ባዶ የቀረ መሬት ሥራ ካልተሰጠው ይወረራል። ስለዚህ የወንዙን ዳር የእግር መንገድ፣ የችግኝ ጣቢያ፣ የኳስ ሜዳ ወይም የአትክልት ማሳ አድርጉት። ሰው የሚጠቀምበት መሬት ጠባቂ አያጣም።

የሚያስቆጨውን ታሪክ ከኒው ዮርክ እናገኛለን። የ1811ዱ ፕላን ለመንገድ እጅግ አርቆ አሳቢ ነበር። ለትልቅ መናፈሻ ግን ቦታ አልያዘም። በ1853 ግዛቲቱ ለሴንትራል ፓርክ መሬት እንዲገዛ በሕግ ፈቀደች። ያኔ መሬቱ ላይ ሰው ይኖር ነበር። ሴኔካ ቪሌጅ የምትባለው፣ አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ ጥቁር አሜሪካውያን የነበሩባት መንደር ለፓርኩ ሲባል ተነሣች። መናፈሻው በ1811 መስመር ቢይዝ ኖሮ እነዚያ ቤተሰቦች ቤታቸውን የሚሠሩት ሌላ ቦታ ላይ ነበር።

ደረጃ 5፦ የዋና መንገዶችን መረብ ያዙ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ደረጃ ብቻ ለመሥራት አቅም ካላችሁ ይህን ሥሩ።

ከተማው በሚሰፋበት መሬት ላይ ዋና ዋና መንገዶችን አስምሩ። በአንዱና በሌላው መካከል 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይኑር። የመንገዱ ወሰን ከ25 እስከ 30 ሜትር ይስፋ። እንዲህ ከሆነ የትኛውም ቤት ከዋና መንገድ ከ500 ሜትር በላይ አይርቅም። አውቶቡስ በዋናው መንገድ ይሄዳል፣ ሰው በእግሩ ይደርስበታል። የውሃ ቧንቧ፣ የፍሳሽ መስመር፣ የኤሌክትሪክና የስልክ ገመድም በዚያው ያልፋል።

ይህ ስንት መሬት ይበላል? በእያንዳንዱ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ውስጥ 2 ኪሎ ሜትር ዋና መንገድ ይኖራል። በ30 ሜትር ስፋት 6 ሄክታር ነው። ከመቶው ስድስት ማለት ነው። ቅድም ያሰብነው ከተማ በከፍተኛው ቁጥር፣ ማለትም በ865,000 ሰው፣ ጥግግቱ በሄክታር 100 ሆኖ በ67 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሰፋ የሚያስከብረው 134 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ነው።

የውስጥ መንገዱን አሁን መሳል የለባችሁም። እሱ ሰፈሩ ሲለማ በአካባቢ ልማት ፕላን ይመጣል። በመጨረሻ ግን የመንገዱ ሁሉ ድርሻ ወደ 30 በመቶ መድረስ እንዳለበት አትርሱ። ዩኤን ሃቢታት ቢያንስ ይህን ያህል መሬት ለመንገድ እንዲሰጥ ይመክራል። በስኩዌር ኪሎ ሜትርም ቢያንስ 18 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዲኖር ይላል።

የኒው ዮርክን የ1811 ፕላን ያወጡት ኮሚሽነሮች የመንገድ መረባቸውን ሲያወጡ የከተማዋ ሕዝብ 100,000 አይሞላም ነበር። እነሱ ግን እስከ 155ኛው መንገድ ድረስ አሠመሩ። አቬኑዎቹ 30 ሜትር ያህል ስፋት ነበራቸው። አብዛኛው መሬት ያኔ እርሻና ድንጋያማ ኮረብታ ነበር። ለባርሴሎና ደግሞ የስፔን መንግሥት በ1859 የኢልደፎንስ ሰርዳን የማስፋፊያ ፕላን አጸደቀ። መደበኛ መንገዶቹ 20 ሜትር ስፋት አላቸው። በእግርና በጋሪ ዘመን የተያዘው ያ ስፋት ዛሬ መኪና፣ አውቶቡስ፣ ዛፍና እግረኛ ይጋራዋል።

መረቡ በማስመሪያ የተሠመረ መሆን የለበትም። ተራራ ሲያጋጥመው ይጠማዘዝ። ነባር መንገድና የገጠር መሄጃ ካለ ተከተሉት። የሕዝብ መንገድ መሆኑ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ክርክሩ ይቀንሳል። ቤተ እምነት፣ የመቃብር ቦታና ነባር መንደር ካለ ዙሩት።

ካርታ ላይ ያለ መስመር ሜዳ ላይ ካልታየ የለም ማለት ነው። ስለዚህ መስመሩን በጂፒኤስ ነጥቦች መዝግቡት። በሕግ አጽድቁትና ለሕዝብ አሳውቁት። ከዚያም ችካል ትከሉ፣ በግራና በቀኝ ዛፍ ትከሉ፣ ቢቻል በግሬደር ጥረጉት። አስፋልቱ ከ15 ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ዛፍ የተተከለበትንና ሰው የሚሄድበትን መስመር ግን ደላላ ሸንሽኖ ለመሸጥ ይቸገራል።

ደረጃ 6፦ መሬቱን ፍትሐዊ በሆነ መንገድ አግኙ

ለመንገድና ለሕዝብ ቦታ የሚሆነው መሬት የአንድ ሰው ኑሮ ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ አስተዳደር ቀሪውን ሥራ ሁሉ ያበላሻል። ዋናዎቹ ዘዴዎች ሁለት ናቸው።

አንደኛው ካሳ ከፍሎ መውሰድ ነው። ለጥቂት ቦታ ይሠራል። ካሳው ሰው ከመነሣቱ በፊት ይከፈል። ገበሬ ከሆነ ደግሞ የሚታሰበው የአንድ ዓመት ሰብል ብቻ መሆን የለበትም። የሚያጣው መተዳደሪያውን ነው።

ሁለተኛው መሬትን መልሶ ማቀናጀት ይባላል። ባለይዞታዎች መሬታቸውን በአንድ ላይ ያደርጋሉ። ቦታው በፕላን እንደ አዲስ ይሸነሸናል። እያንዳንዱ ከድርሻው ቀንሶ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለመናፈሻ ይሰጣል። የቀረው ይመለስለታል። አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው 1 ሄክታር አላቸው እንበል። እያንዳንዱ 35 በመቶ ቢሰጥ 6,500 ካሬ ሜትር ይቀረዋል። ቁራሹ አነሰ፣ ግን መንገድ ዳር ሆነ፣ በሕግ ተመዘገበ፣ ዋጋው ጨመረ። ከተሰጠው ውስጥ ጥቂቱ ተሸጦ የመንገዱን ወጪ ይሸፍናል።

ጃፓን ይህን ዘዴ ለብዙ አሥርት ዓመታት በስፋት ተጠቅማበታለች። በ1954 ራሱን የቻለ ሕግ አውጥታለታለች። በህንድ የጉጃራት ግዛት ከተሞችም በ1976 በወጣ ሕግ መሠረት በተመሳሳይ መንገድ ይሰፋሉ።

ዘዴው የሚሠራው እምነት ሲኖር ነው። የይዞታ ማስረጃ ካልጠራ ሥራው ይቆማል። ትንሽ መሬት ያለው ሰው በመቶኛ ሲቀነስበት ቤት የማይሠራበት ቁራሽ ይቀረዋል፤ ስለዚህ ለሱ ዝቅተኛ ወለል ይቀመጥለት። በተከራየው መሬት ላይ የሚያርሰው ደግሞ ከስብሰባው ራሱ ይረሳል። ስሙ ከመጀመሪያው ቀን ይመዝገብ።

የቦታ ስፋት ነገርም አለ። ፕላኑ የሚፈቅደው ትንሹ የመኖሪያ ቦታ ሰፊ ከሆነ ደሃው ከፕላኑ ውጪ ሆነ ማለት ነው። እሱም ከደላላ ገዝቶ የጨረቃ ቤት ይሠራል። ጥፋቱ ግማሹ የመስፈርቱ ነው። አነስተኛ ቦታ በብዛት ፍቀዱ።

ደረጃ 7፦ የትራንስፖርቱንና የቤቱን ቁመት አስተሳስሩ

የኩሪቲባ ነገር እዚህ ይጠቅመናል። የብራዚሏ ከተማ በ1966 ማስተር ፕላኗን አወጣች። ዕድገቷ በተመረጡ ጥቂት ዘንጎች፣ ማለትም ከመሀል ወደ ውጭ በሚዘረጉ ዋና መስመሮች ላይ እንዲሄድ ወሰነች። በ1974 በእነዚሁ ዘንጎች ላይ የራሳቸው መስመር ያላቸው ፈጣን አውቶቡሶች ጀመሩ። ረጅም ሕንፃ የተፈቀደውም በዘንጎቹ ዳር ነው። ስለዚህ ሕንፃው ለአውቶቡሱ ተሳፋሪ ያመጣል፣ አውቶቡሱም ለሕንፃው ሰው ያመጣል። እናንተም ከፍ ያለውን ጥግግት በዋናው መንገድ ላይ አድርጉ። መኖሪያ፣ ሱቅና ቢሮ ይቀላቀሉ።

ከተማው እንዳይበታተን የዕድገት ወሰን ማበጀትም ይቻላል። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት በ1973 በወጣው ሕግ መነሻ ፖርትላንድ በ1979 ወሰኗን አበጀች። ወሰኑ ግን ቋሚ አጥር አይደለም። ውስጡ ለ20 ዓመት የሚበቃ መሬት መኖሩ በየጊዜው ይመረመራል፣ ካነሰ ይሰፋል። ወሰን አበጅቶ መመርመር መርሳት የመሬት ዋጋ ያስወድዳል። ቤት ፈላጊውም ወሰኑን ዘሎ ከማዶ ይሰፍራል።

ደረጃ 8፦ ገንዘቡን ከፕላኑ ጋር እሰሩት

የ30 ዓመቱን ፕላን በ5 ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ቆራርጡት። የትኛው መንገድ፣ የትኛው ውሃ ማጠራቀሚያ፣ በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው በጀት? የጥገናውንም ወጪ አብራችሁ ጻፉ። የሚጠግነው ያልታወቀ መንገድ ብዙ አይቆይም።

መንግሥት መንገድ ሲያወጣ የአካባቢው መሬት ዋጋ ይጨምራል። ከዚያ ጭማሪ የተወሰነው ወደ ሕዝብ መመለሱ ፍትሕ ይመስለኛል። ኮሎምቢያ በ1997 በወጣው 388 ቁጥር ሕጓ ማዘጋጃ ቤቶች በመንግሥት ውሳኔ ከሚመጣ የዋጋ ጭማሪ ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲወስዱ ፈቅዳለች። ሌሎች አገሮች የልማት ክፍያ ወይም የንብረት ግብር ይጠቀማሉ። ስሙ ቢለያይም ገንዘቡ እዚያው ሰፈር ላይ ሲውል ነዋሪው ይቀበለዋል።

ደረጃ 9፦ ሕዝብ ሳይጨርሱት ይየው

ያለቀ ካርታ አሳይቶ ማስጨብጨብ ውይይት አይባልም። በደረጃ 3 እና በደረጃ 5 መካከል፣ ገና አማራጮች እያሉ፣ ሰው ጥሩ። በዳር ያሉ ገበሬዎችና ሴቶች በተለየ ሰዓት፣ በሚቀርባቸው ቦታ ይወያዩ። ካርታው ላይ ሰው የሚያውቃቸው የቦታ ስሞች ይጻፉ። ለተነሣው አስተያየት ሁሉ የጽሑፍ መልስ ስጡ፤ ያልተቀበላችሁትን ለምን እንዳልተቀበላችሁት ጨምሩበት።

ደረጃ 10፦ ጥቂቱን አጥብቃችሁ አስከብሩ

ሁሉን ለማስከበር የሚሞክር አንዱንም አያስከብርም። የግድግዳ ቀለምና የአጥር ቁመት ይቆዩ። የሚጠበቁት ሦስት ናቸው፦ የዋና መንገድ መስመር፣ የውሃ መውረጃና የአደጋ ቦታ፣ እንዲሁም የሕዝብ ቦታ። በየዓመቱ አዲስ የሳተላይት ምስል አውርዱና ከመስመሮቹ ጋር አስተያዩ። አንድ ቤት መስመር ውስጥ ሲጀመር በመሠረቱ ላይ ሳለ አስቁሙት። ጣራ ከወጣና ልጆች ከገቡበት በኋላ የሚደረግ ማፍረስ ሁሉንም ይጎዳል።

በየ5 ዓመቱ ትንበያውን ከእውነታው ጋር አመሳክሩና ፕላኑን ከልሱ። የመሬት አጠቃቀምና የሕንፃ ቁመት በምክር ቤት ተራ ድምፅ ይለወጥ። የመንገድ መስመርና የሕዝብ ቦታ ለመንካት ግን የሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ የክልሉ ይሁንታና አስቀድሞ የተገለጸ ሕዝባዊ ውይይት ይጠየቅ። ምትክ ቦታ ሳይዘጋጅ የትኛውም የሕዝብ ቦታ ለሌላ አገልግሎት እንዳይሰጥ በዚያው ሕግ ውስጥ ጻፉት።